ከአንጎል ግንድ ተከላ በኋላ ማዳመጥን ማሠልጠን

የመስማት ነርቭ ከተቆረጠ የኮክሌር ተከላ (በውስጠኛው ጆሮ የሚገባ የመስሚያ መሣሪያ) አይሠራም፤ ድምፁን ወደ አንጎል የሚያደርስ መንገድ የለም። የአንጎል ግንድ ተከላ ነርቩን አልፎ፣ በኤሌክትሪክ የሚያነቃቃውን ኤሌክትሮድ የመስማት ነርቭ ከሚያበቃበት ቦታ ላይ ያስቀምጣል። መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1979 ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ በሁለቱም የመስማት ነርቮች ላይ ዕጢ ለሚያወጣው ለኤንኤፍ2 ሕመም ነው። በጭንቅላት አደጋ ወይም በማጅራት ገትር መስማት ያቆመ ሰው ግን በቅድሚያ በኤምአርአይ ይታይ። ነርቩ ካለ የኮክሌር ተከላው የተሻለ ያሰማል።

ውጭ አገር ተተክሎላቸው አራት ኪሎ የሚመጡትን መጀመሪያ የምጠይቃቸው የትኞቹ ኤሌክትሮዶች እንደተዘጉ የሚያሳየውን ወረቀት ነው። መሣሪያው ሲከፈት፣ የልብ ምት እየታየ፣ ኤሌክትሮዶቹ አንድ በአንድ ይሞከራሉ። ጉሮሮ የሚነካ፣ ፊት የሚያርገበግብ ወይም የሚያዞር ከሆነ ይዘጋል።

ሥልጠናውን የምጀምረው ከምት ነው። መሣሪያው የድምፅን ቅጥነትና ውፍረት በደንብ አይለይም፤ ርዝመትንና ዕረፍትን ግን ያስተላልፋል። የታክሲ ረዳት የሚጠራቸውን ሰፈሮች ወሰድኩ፦ ቦሌ፣ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ምት። ሦስቱ ተጽፈው ሰልጣኙ ፊት ይቀመጣሉ፤ አንድ ሜትር ርቄ እጠራለሁ፣ እሱ ይጠቁማል። ከአሥር ስምንቱን ደጋግሞ ሲያገኝ ወደ ከባዱ እንሻገራለን፦ አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ። መጨረሻቸው አንድ ስለሆነ መነሻውን መያዝ ግድ ነው።

ከንፈር እንዳይታይ አፍን በእጅ መሸፈን ድምፁን ያፍነዋል፤ ቀለበት ላይ የተወጠረ ስስ ነጠላ ይሻላል። በእኩል ጊዜ አትጥሩ፤ ሰልጣኙ ሳይሰማም ጊዜውን ቆጥሮ ይመልሳል። በየጠዋቱ አ፣ ኡ፣ ኢ፣ ሽ፣ ስ፣ ም ይፈተሹ። ትናንት የተሰማው ዛሬ ከጠፋ በመጀመሪያ ባትሪውንና ገመዱን እዩ።

ቀጥሎ ከንፈር ማንበብ ይገባል። «በራ» እና «መራ» ከንፈር ላይ አንድ ናቸው፤ መሣሪያው በብዛት የሚያግዘው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። ፊት ሳያዩ ንግግር የሚከተሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ይህን ለቤተሰብ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መንገር ተገቢ ነው።

ለኤምአርአይ ክትትል ሲባል፣ የመሣሪያውን የውጪ ክፍል ጭንቅላት ላይ የሚይዘው የውስጡ ማግኔት የወጣላቸው አሉ። ለእነሱ ድምፁን ወደ ውስጥ የሚያስተላልፈው የውጪው ኮይል በተላጨ ቆዳ ላይ በማጣበቂያ ይያዛል። ላብ ስለሚያላቅቀው ቦታው ተጠርጎና በደንብ ደርቆ ይለጠፍ፤ ቆዳው ከቀላ ማጣበቂያው ይነሳና ቆዳው ይረፍ።