ግማሽ የተበላሸ ስልክ

የአጭር ልቦለዴን የመጀመሪያ ረቂቅ የገደለችው እናቴ ናት። ቡና እየቆላች ሳለ አነበብኩላት። ታሪኩ እንዲህ ነበር፦ በደጀን በኩል፣ በአባይ በረሃ አፋፍ ላይ ባለች መንደር አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ትኖራለች። ሁለት ወንዶች ልጆቿ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርደዋል። ታናሹ በወባ ይሞታል። ስልኳ ስለተበላሸ መርዶው አይደርሳትም፤ እሷም ለሞተው ልጅ ጋቢ የሚሆን ጥጥ መፍተሏን ትቀጥላለች። አንብቤ ጨርሼ ቀና ስል እናቴ ምጣዱን ከእሳት አውርዳ፣ "ገበያ አልነበረም እንዴ?" አለችኝ።

"የምን ገበያ?"

"የቅዳሜ ገበያ ነዋ! ከመተማ የተመለሰ አንድ የአገር ልጅ ጠፋ? ሰው አይላክላትም? ስልክ ሳይመጣ በፊት መርዶ ሳንሰማ ነው የኖርነው?"

አሥራ ሁለት ገጽ በአንድ ጥያቄ ተቃጠለ። ቡናው ግን አላረረም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ስለ ሴራ ሳስተምር ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ነገር አለ፤ አንዱ ገጸ ባሕርይ የሚያውቀውን ሌላው ካላወቀ አንባቢው መጽሐፉን ለማስቀመጥ ይቸገራል። ሁለቱን ለማለያየት ደግሞ የተበላሸ ስልክ፣ የተቆረጠ ሽቦ ወይም ባትሪ የጨረሰ ራዲዮ ከሁሉ የቀለለ ዘዴ ነው። "ስልኩ ተበላሸ" የምትል ሁለት ቃል ትበቃለች። ያታለለኝም ይኸው ቅለቱ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የምንሰበሰብ አምስት ስድስት የንባብ ወዳጆች አለን። ረቂቁን እዚያም አቀረብኩት፤ የእናቴን ጥያቄ ግን ደበቅኋቸው። ከመካከላችን አንድ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ አሉ። ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ተኙ ስትል ይናገራሉ። "ልጄ፣ በጎጃም ኔትወርክ ጠፋ ማለት በሐምሌ ዘነበ ማለት ነው። ማን ይደነግጥልሃል?" አሉኝ።

ከዚህ አባባል በኋላ ብዙ አሰብኩ። ኔትወርክ በማይቋረጥበት አገር የሚጽፍ ሰው የሚጨነቀው አንባቢውን ለማሳመን ነው። እንዴት ስልኩ በዚያች ሰዓት እምቢ አለ? ለእኛ አገር ጸሐፊ ነገሩ የተገለበጠ ነው። የእኛ አንባቢ ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ያምናል። ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ ደጀንን አልፎ ወደ በረሃው ቁልቁል ሲወርድ የተሳፋሪው ሁሉ ወሬ እየተቆራረጠ ይሞታል፤ ማንም "ምን ሆነ?" ብሎ አይጠይቅም። በ2015 ዓ.ም ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲያልፉም ኑሮው ቀጥሏል። የሁልጊዜ የሆነ ነገር ደግሞ ወሬ እንጂ ታሪክ አይሆንም። እንዲያውም ታሪክ የሚሆነው ስልኩ የሠራባት ሰዓት ናት።

ያኔ ግን ይህ አልገባኝም ነበር። የገባኝ "ቀዳዳውን ድፈን" የሚል ትእዛዝ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሁለተኛውን ረቂቅ እንደ አጥር ሠራተኛ ጻፍኩት። የቅዳሜውን ገበያ በዝናብ በተንኩት። ከመተማ የሚመለሰውን የአገር ልጅ እግሩን ሰብሬ አስቀረሁት። ለአውቶቡስ ረዳት የተሰጠች ቁራጭ ወረቀት ነበረች፤ ረዳቱ ኪሱ ውስጥ ረስቷት ሱሪው ታጠበ። የጎረቤት ስልክ ቻርጅ ጨረሰ። መንደሩ ማኅበር አለው፣ ሰንበቴ አለው፣ ልቅሶ አለው፤ እነዚህም ወሬ የሚተላለፍባቸው ናቸውና እያንዳንዳቸውን መዝጋት ነበረብኝ። በመጨረሻ መብራት አጥፍቼ የኔትወርኩን ማማ በዚያው ደቂቃ ዝም አሰኘሁት። ስጨርስ ታሪኬ ውስጥ የቀረ ሰው አልነበረም፤ ሁሉንም ወይ አስሬያለሁ ወይ ሰብሬያለሁ።

ከሞጣ ወዲያ አባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ ያየ ሰው የእኔን ስሕተት ቶሎ ይረዳዋል። በፋሲል ዘመን የተሠራ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ፈረሰ። ሰው ግን መሻገሩን አልተወም። በክፍተቱ ላይ ገመድ ተዘርግቶ፣ በዚህና በዚያ ወገን የቆሙ ጉልበተኞች መንገደኛውን እየጎተቱ ብዙ ዓመት አሻገሩት። ታሪኩ ያለው ገመዱ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ገመድ ባየሁ ቁጥር ስቆርጥ ከረምኩ።

ሁለተኛውን ረቂቅ ይዤ የሄድኩት ወደ ስልክ ጠጋኝ ነው። ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ክንድ በማትሞላ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ወጣት ነው። በትርፍ ሰዓቴ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሁለት ሳምንት ያህል ስመለከት ቆየሁ። ከመጻሕፍት ይልቅ እዚያ በርጩማ ላይ የተማርኩት ይበልጣል፤ ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም።

ማማውን ያጠፋሁበትን ገጽ ሳነብለት ሳቀ። "መምህር፣ ማማው እኮ የራሱ ባትሪ አለው፤ ጄኔሬተር ያለውም አለ። መብራት ሲጠፋ ወዲያው አይሞትም። ባትሪው ሲያልቅ ነው የሚሞተው።" ሌላም ስሕተት ያዘብኝ። ስልኩ ተዘግቶ ሳለ የተላከ አጭር መልእክት ጠፍቶ ቀረ ብዬ ጽፌ ነበር። ለካ መልእክቱ እዚያው መካከለኛው ቦታ ላይ ይጠብቃል፤ የጊዜ ገደቡ ሳያልፍ ስልኩ ከተከፈተ ይደርሳል። ንግግር ለማድረግ በማይበቃ ደካማ ኔትወርክም አጭር መልእክት ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል። ኔትወርክ በሌለበት ቦታ የተቀመጠ ስልክ ደግሞ ማማ ሲፈልግ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳል። እነዚህን ሦስት ነገሮች ባውቅ ኖሮ የተሻለ ሴራ በነጻ አገኝ ነበር። ወደፊት የምትጽፉ ካላችሁ መሣሪያውን ከመስበራችሁ በፊት እንዴት እንደሚሠራ እወቁ። የሚሠራበትን ሳያውቁ መስበር ለሕፃን ነው የሚያምርበት።

አንድ ቀን አንዲት እናት ከገጠር መጥተው ከነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረች ትንሽ ባለ ቁልፍ ስልክ ፈቱ። "እኔ እሰማቸዋለሁ፣ እነሱ አይሰሙኝም" አሉ። ጠጋኙ ሳይከፍት አወቀው። የስልክ መስሚያና መናገሪያ የተለያዩ ናቸው፤ ማይኩ በመርፌ ቀዳዳ በምታህል ክፍተት ነው ድምፅ የሚቀበለው፤ ዱቄት፣ ሊጥ ወይም ውሃ ከገባበት ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ እሱ ብቻ ዝም ይላል። ጠርጎ፣ ጠጋግኖ መለሰላቸው። ሴትዮዋ ሄዱ። እኔ ግን እዚያው ደርቄ ቀረሁ።

ሙሉ በሙሉ የተበላሸ ስልክ ግድግዳ ነው፤ ከወዲያና ከወዲህ ያሉ ሰዎች እንዲጠብቁ ብቻ ያደርጋል፤ መጠበቅ ደግሞ አሥራ ሁለት ገጽ አይሞላም። ግማሽ የተበላሸ ስልክ ግን ሁለቱንም ሰዎች ሥራ ላይ ያውላቸዋል። እሷ ትሰማለች፤ መመለስ አትችልም። እሱ ይናገራል፤ መሰማቱን አያውቅም።

ሦስተኛውን ረቂቅ በአራት ሌሊት ጻፍኩት። ታላቅ ወንድምየው በሰሊጥ ማሳ ዳር ካለ ዳስ ሆኖ ማታ ማታ ይደውላል። ስልኩ ይነሣል፤ ድምፅ የለም። "እማ? እማ?" ይላል። መስመሩ የሞተ ይመስለዋል። በሦስተኛው ማታ ለሞተ መስመር መናገር ይጀምራል፤ ወንድሙ እንዴት እንደታመመ፣ ከደጋ የመጣ ሰው የቆላ ወባ እንዴት እንደሚጥለው፣ ጤና ጣቢያ ሳይደርሱ መንገድ ላይ የሆነውን። አፈር ያለበሰው እሱ ነው። እናቱ በረቱ አጠገብ፣ ኔትወርክ በምታገኝበት በዚያች አንዲት ቦታ ቆማ ሁሉንም ትሰማለች።

እዚህ ላይ መርዶ የሚባለው ነገር መጣ። በእኛ አገር የሩቅ ሞት በስልክ አይነገርም። መጀመሪያ "ትንሽ አሞታል" ይባላል፤ ከዚያ ዘመድ ተጠራርቶ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎህ ሲቀድ ቤቱ ይከበባል። የፖስታ ቤቱ ሰው እንደነገሩኝ፣ ቴሌግራም በቃል ቁጥር ይከፈልበት በነበረ ዘመን የሞት ወሬ የያዘች አጭር ወረቀት ስትመጣ እሳቸው ለባለቤቱ አይሰጡም ነበር፤ የመንደሩን ሽማግሌ ይፈልጋሉ። ስለዚህ የእኔ ሴት ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ጎህ፣ ያለ ጎረቤት መርዶ ሰማች። ብትጮኽ መንደሩ "ማን ነገረሽ?" ይላታል። ልጇም አይሰማትም።

ይህን ይዤ ደስ ብሎኝ ወደ ጠጋኙ ሮጥኩ። አዳመጠና፣ "ጥሩ ነው መምህር። ግን ለምን አላሠራችውም? የአሥር ደቂቃ ሥራ እኮ ነው። ቅዳሜ ለገበያ ትመጣለች አይደል?"

እንደገና ገበያ! ያ ቅዳሜ ገበያ ቀብሮ ሊያስቀረኝ ነው አልኩ። መንገድ ልዝጋ? ብር ልንሳት? ጣቴ ወደ አጥር ሥራ ሊመለስ ነበር። ሌሊቱን ሳስብ መልሱ ከአንድ የድሮ አደጋ መጣልኝ። ለክፍል ንባብ ያዘጋጀሁት ስለነበር በቃሌ አውቀዋለሁ።

በ1912 እ.ኤ.አ. ታይታኒክ ልትሰጥም ሁለት ቀን ሲቀራት የሬዲዮ ቴሌግራፍ መሣሪያዋ ተበላሽቶ ነበር። ሁለቱ ኦፕሬተሮች ሌሊቱን ሲሠሩ አድረው አዳኑት። መሣሪያው ደህና ሆነ። ነገር ግን የተጠራቀመው የተሳፋሪ መልእክት ብዙ ስለነበር፣ በአደጋው ማታ ካሊፎርኒያን የምትባል ቅርብ ያለች መርከብ ኦፕሬተር በበረዶ ስለ መከበባቸው ሊነግራቸው ሲሞክር የታይታኒኩ "ዝም በል፣ ሥራ ላይ ነኝ" አለው። ያም መሣሪያውን ዘግቶ ተኛ። ብዙም ሳይቆይ የድረሱልን ጥሪው ሲወጣ ካሊፎርኒያን ላይ የሚሰማ ሰው አልነበረም። ይህን ልቦለድ ጸሐፊ ፈጥሮት ቢሆን መሣሪያውን እዚያች ሰዓት ላይ ይሰብረው ነበር። እውነተኛው ነገር የከፋ የሆነው መሣሪያዎቹ ደህና ስለነበሩ ነው።

ስለዚህ ሴትዮዋን ቅዳሜ ገበያ ወሰድኳት። ስልኳን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ጠጋኙ ደጃፍ ድረስ ሄደች። ቆመች። ከዚያ ጨው ገዝታ ተመለሰች። ስልኩ ከተሠራ ልጇ "እማ" ሲላት "ወይ" ማለት ይኖርባታል፤ "ወይ" ካለች ደግሞ እሱ "ሁላችንም ደህና ነን" ይላታል። እውነቱን የሚነግራት የተበላሸው ስልክ ብቻ ነው። በሁለተኛው ረቂቅ በዝናብ፣ በእግር ስብራትና በመብራት መጥፋት መዝጋት ያቃቱኝን በሮች ሁሉ ይህች አንዲት ጨው ገዝታ መመለሷ ዘጋቻቸው። ዝናቡን አቆምኩ፤ የአገሬውን ልጅ እግር ፈወስኩ። ወደ መንደሩ ተመልሶም ሽማግሌዎቹን በሹክሹክታ መጥራት ጀመረ። እሷም ጎሁን ትጠብቃለች።

የቀረው የእጅ ሥራ ነበር። "ሃሎ፣ ሃሎ" የሚለውን በሙሉ አወጣሁ፤ አንድ ሲቀር። የእሷን ሐሳብ በቅንፍ ማስገባቱንም ተውኩ፤ ከልጁ ንግግር መካከል የምትሠራውን ብቻ ጻፍኩ፤ ጥጥ ትነካለች፣ በግ ትመልሳለች፣ እንዝርቱን ታስቀምጣለች። እያንዳንዱ ጥሪ መቆም ስለነበረበት ልጁን በአንድ ዓይነት ስንብት አስጨረስኩት፤ ሳላስብበት ነው፤ ሰው ስልክ ሲዘጋ የሚለውን አልኩት እንጂ።

እሑድ ሲነበብ የፖስታ ቤቱ ሰው ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ጠጋኙ "አሁን እንኳን ይሁን" አለ። እናቴን ለመጨረሻ አቆየኋት። በዚያው ምጣድ፣ በዚያው ቡና ፊት አነበብኩላት። ብዙ ዝም አለችና፣

"ልጅየው ያውቃል?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"እንደምትሰማው ነዋ።"

"አያውቅም። የታሪኩ ነገር ሁሉ እሱ ላይ ነው እማዬ፤ ማንም የሚሰማው አይመስለውም።"

እናቴ ሲኒዎቹን መደርደር ጀመረች። "ታዲያ" አለች፣ "ማንም የማይሰማው ሰው ማታ ማታ 'ደህና እደሪ' እያለ የሚዘጋው ለማን ነው?"