የፋኑን ሞተር ለወጥሁት፤ ፋኑ ግን አልዞረም

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ እየተመለስሁ ነበር። በፍጥነት መንገዱ ላይ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመካከል ንቅንቅ አላለም። ቱሉ ዲምቱ ላይ ከፍዬ፣ ቃሊቲን አልፌ ሳሪስ ላይ መጨናነቁ ሲያስቆመኝ ግን መርፌው ሽቅብ መውጣት ጀመረ። መኪኖቹ ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ ይወርዳል፤ ስንቆም መልሶ ይወጣል። ቀዩን ሊነካ ሲል የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈትሁ። ማሞቂያው ከሞተሩ ሙቀት ስለሚወስድ ጥቂት ፋታ ይሰጣል። ዳር ይዤ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ ኮፈኑን ከፍቼ ብመለከት የራዲያተሩ ፋን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ወዲያው አጠፋሁት። የራዲያተሩን ክዳን ግን አልነካሁትም፤ በዚያ ሙቀት የሚከፍተው ሰው ፊቱን ያቃጥላል።

መርፌው በጉዞ ላይ ወርዶ በቆምሁ ቁጥር መውጣቱ ዋናውን ነገር ነግሮኛል። መኪና ሲሮጥ ከፊት የሚገባው ነፋስ የፋኑን ሥራ ይሠራል። ችግሩ የውሃ ማነስ፣ የቴርሞስታት (እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋው ቫልቭ) ብልሽት ወይም የተደፈነ ራዲያተር ቢሆን ኖሮ በፍጥነት መንገዱም ላይ በሞቀ ነበር።

በማግስቱ ያየው መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ፋኑን በጣቱ አንድ ጊዜ ገፋ አደረገና «ወንድሜ፣ የፋኑ ሞተር ተቃጥሏል፤ ለውጠው» አለኝ። አመንሁት። የመኪና መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ የፋን ሞተር ገዛሁና አስገጠምሁ። አልዞረም። ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ «ዳይሬክት እናድርገው» የሚል ነበር፤ ፋኑን ከባትሪ በራሱ ማብሪያ ማገናኘት ማለት ነው። እምቢ አልሁ። ማብሪያውን አንድ ቀን መርሳቴ አይቀርም፤ ያን ቀን ደግሞ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ በሙቀት ይጣመማል። እኛ ከተማ ደግሞ ሞተር ለመፍላት ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በእኔ የድሮ ኮሮላ ፋኑ የሚነሣው 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። እንዳይፈላ የሚይዘው በክዳኑ የታመቀው ግፊት ብቻ ነው። የክዳኑ ላስቲክ ያረጀበት ሰው ይህን ልብ ቢል ደስ ይለኛል።

መኪናውን ወደ ቤት ወስጄ መጀመሪያ ላደርገው የሚገባኝን አደረግሁ። ፊውዙን ነቅዬ ተመለከትሁ፤ ባለ 30 አምፔሩ ደህና ነው። የፋኑን ሶኬት ነቅዬ፣ እጄን ከምላጮቹ አርቄ፣ በወፍራም ሽቦ ከባትሪው ጋር በቀጥታ አገናኘሁት። ወዲያው ዞረ። አውጥቼ ያስቀመጥሁትን አሮጌውን ሞተርም ሞከርሁ፤ እርሱም ዞረ። ገንዘቤ በከንቱ መውጣቱን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ቀጥሎ የውሃውን ሙቀት እያየ ፋኑን የሚያስነሣው ሴንሰር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች የፋኑ ሴንሰር ሲቀዘቅዝ ይገናኛል፤ ሲሞቅ ይለያያል። ስለዚህ ቁልፉን ከፍቶ የሴንሰሩን ሶኬት መንቀል ብቻ ፋኑን ማስነሣት አለበት። በሌሎች ብዙ መኪኖች አሠራሩ ተቃራኒ ነው፤ ፋኑ የሚነሣው ሁለቱ የሶኬት ጫፎች ሲገናኙ ነው። ይህን ሳያውቁ የሚፈትሹ ሰዎች ደህናውን ሴንሰር ይጥላሉ። የእኔን ስነቅለው ሪሌው፣ ትእዛዝ ተቀብሎ ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚያገናኘው ማብሪያ፣ «ቀጭ» አለ፤ ፋኑ ግን ጸጥ። ትእዛዙ ደርሷል ማለት ነው። የሪሌው ውስጥ ተቃጥሎ እንዳይሆን በተመሳሳይ ሪሌ ቀይሬ ሞከርሁ፤ ለውጥ የለም።

በፋኑ ሶኬት ላይ የኤሌክትሪክ መለኪያውን መልቲሜትር ባደርግ ደግሞ 12 ቮልት ከነምናምኑ ያሳያል። ግራ ገባኝ። ኤሌክትሪክ አለ፣ ሞተሩ ደህና ነው፣ ፋኑ አይዞርም። ያዳኑኝ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ጎረቤቴ ናቸው። አጥር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ ሶኬቱን ነቅለህ ነው የለካኸው። ሸክም ስጠውና ደግመህ ለካ» አሉኝ። ሶኬቱን ሰክቼ፣ የመልቲሜትሩን ጫፎች ከኋላ በኩል አስገብቼ ለካሁ። 12 የነበረው ወደ 3 ወረደ።

ነገሩ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። መልቲሜትር የሚስበው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም፤ በዛገ ብሎን በኩል እንኳ ሙሉ ቮልት ያያል። ፋኑ ግን ሲነሣ ከ10 አምፔር በላይ ይፈልጋል። መንገዱ ላይ አንድ ኦም የምታህል እንቅፋት ካለች አብዛኛው ኃይል እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። እንቅፋቱ በየት በኩል እንዳለ ለመለየት ከፋኑ ኔጌቲቭ ሽቦ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ተጨማሪ ሽቦ ዘረጋሁ። ፋኑ እየጮኸ ተነሣ። ስለዚህ በፖዘቲቩ በኩል ምንም ችግር የለም፤ የጠፋው ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ፣ መመለሻው ነው።

የኔጌቲቩን ሽቦ በእጄ እየተከተልሁ ሄድሁ። ከቀኝ መብራት በስተኋላ በአንዲት ብሎን ከመኪናው አካል ጋር ታስሯል። ብሎኗን ስፈታ ሽቦው ያረፈበት ብረት ላይ ወፍራም ቀለም፣ ጥርሷ ላይ ዝገት። ከክረምቱ በፊት መኪናው ፊት ለፊት ተገጭቶ ላሜራና ቀለም ተሠርቶለት ነበር። የቀባው ሰው የሽቦውን ቦታ ሳይፍቅ መልሶ አስሮታል። ጥቂት ወራት በብሎኗ ጥርስ በኩል ብቻ ሲገናኝ ከርሞ፣ የክረምቱ እርጥበት ያንንም በላው።

ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ፍቄ፣ ብሎኗን በአዲስ ቀይሬ አጠበቅሁና ዝገት እንዳይመለስ ላዩን ግራሶ ቀባሁት። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቼ ግቢ ውስጥ ቆሜ ጠበቅሁ። መርፌው ከመካከል ትንሽ ሲያልፍ ፋኑ ተነሣ፤ ደቂቃ ያህል ዞሮ ቆመ፤ ቆይቶ መልሶ ተነሣ። አሮጌውን ሞተር ለመጠባበቂያ አስቀምጬዋለሁ።

ማታ መብራት ሳበራ የቀኙ እንደ ግራው ደምቆ በራ። ላሜራው ከተሠራ ጀምሮ ይደበዝዝ ነበር፤ አምፖሉ አርጅቷል ብዬ ትቼው ነበር። ለካ የእርሱም መመለሻ በዚያችው ብሎን ነው የታሰረው።