ሰበታ፣ ዓሣ ልንቆጥር

የሰበታ ታክሲ አየር ጤና ይገኛል። ጠዋት ግርግሩ ሁሉ ወደ ከተማ ስለሚገባ፣ ወደ ውጭ ለሚወጣ ሰው ወንበር አይጠፋም። ዓለም ገና ላይ ግን የጅማ መንገድ የጭነት መኪኖች ማንንም አይምሩም። የፉሪን ተራራ በግራ፣ የወጨጫን በቀኝ እያዩ መቆም ነው።

አጠገቤ የተቀመጡ እናት ያቀፍኩትን ሰሌዳ አይተው «ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ። የዓሣ ቁመት መለኪያ ነው አልኳቸው። «ዓሣም ይለካል እንዴ!» ብለው ሳቁና ወዲያው ወደ ቁም ነገሩ ገቡ፤ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም? ጊዜው ሑዳዴ ነው። ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አስተያየት ነበረው። እኔ ዝም አልኩ። ለእኔ ሥራ የሚበቃኝ፣ ጾም ሲገባ የአዲስ አበባ የዓሣ ገበያ እንደሚደራና ዝዋይ ሐይቅ ላይ መረቡ እንደሚበዛ ማወቅ ነው።

አለቃዬ የዶክትሬት ጥናቷን የምትሠራው ቆሮሶ በሚባለው የዝዋይ ዓሣ ላይ ነው። ሐይቁ ውስጥ ስንት ዓሣ እንዳለ፣ በምን ፍጥነት እንደሚያድግ፣ ምን ያህሉ ቢጠመድ እንደማይመናመን በሒሳብ ሞዴል ትገምታለች። እኔ ረዳቷ ነኝ። ቀመሩ የእሷ፣ ባልዲው የእኔ።

ሰበታ ሐይቅ የላትም። የአገሪቱ የዓሣ ምርምር ማዕከል ያለው ግን እዚችው ከተማ ነው፤ ለማያውቅ ሰው ነገሩ ግር ይላል። እኛን ያመጣን ኩሬ ነው። ሐይቅን አፍስሶ መቁጠር አይቻልም፤ ኩሬን ይቻላል። መጀመሪያ በቀመር እንገምታለን፤ ከዚያ ውሃውን ለቀን በእጃችን ቆጥረን ግምታችንን ከእውነቱ ጋር እናስተያያለን።

ዘዴው የቆየ ነው። ፒተርሰን የሚባል ዴንማርካዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዓሣ ላይ ምልክት እያደረገ ይለቅ ነበር። ሊንከን የሚባል አሜሪካዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1930 የዳክዬዎችን ቁጥር በዚሁ ስሌት ገመተ። 100 ዓሣ ምልክት አድርጋችሁ ለቀቃችሁ እንበል። ቆይታችሁ 80 ስታወጡ 20ዎቹ፣ ማለትም ሩቡ፣ ምልክት ካላቸው፣ 100ዎቹም የኩሬው ሩብ ናቸው፤ ኩሬው ውስጥ 400 ገደማ ዓሣ አለ ማለት ነው። አለቀ።

ምልክቱን ያደረግነው ባለፈው ስንመጣ ነው። ዓሣው እንዳይንፈራገጥ ጥቂት የቅርንፉድ ዘይት ያለበት ባልዲ ውስጥ ይገባል። ትንሽ ቆይቶ ይደነዝዝና በጎኑ ይንሳፈፋል። ያኔ የክንፉን ጫፍ በመቀስ ቆረጥ፣ ሰሌዳው ላይ ጋደም፣ ከአፉ እስከ ጅራቱ ለካ፣ ሚዛን ላይ አስቀምጥ፣ ንጹሕ ውሃ ውስጥ መልስ። እጄ እስከ ማታ ሻይ ሻይ ሲል ዋለ። ከዓሣ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ማለት ነው፤ አልመክርም።

ዛሬ ሁለተኛው መረብ ነው። ቀመሩ ብዙ ነገር ይጠይቃል። በሁለቱ መረቦች መሀል የሚወለድ፣ የሚሞት፣ የሚገባም የሚወጣም መኖር የለበትም። ምልክት ያለውም የሌለውም እኩል መያዝ አለበት። ቆሮሶ ይህን ሁሉ የት አንብቦ! መረቡን ስንስብ ጉንጯ ያበጠ ሴት ቆሮሶ አገኘሁ። ያዝ ሳደርጋት አፏን ከፈተችና እንደ ሰናፍጭ ፍሬ የደቀቁ ጫጩቶች መዳፌ ላይ ተፋች። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንም ጫጩቶቿንም በአፏ ነው የምትይዘው። ለዚህ እንኳ መላ አለ፤ ከተወሰነ ቁመት በታች ያለውን አንቆጥርም።

የዕድገቱን ፍጥነት ከዚህ ወስደን ለዝዋይ ልንጠቀምበት አንችልም። ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ዝዋይ 1,600 ገደማ ነው። ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል፤ ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ መራባቱንም ማደጉንም ያዘገያል። ስለዚህ ከሰበታ የምንወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መረባችን ምን ያህል እንደሚዋሸን።

መዋሸቱን ለማወቅ ብዙም አልቆየንም። የኩሬው መውጫ ተከፍቶ ውሃው ሲጎድል ቦት ጫማችንን አጥልቀን ጭቃው ውስጥ ገባን፤ አንዱ እየጮኸ ይቆጥራል፣ ሌላው ይጽፋል። ሲደመር ግምታችን ከእውነቱ በልጦ ተገኘ። አለቃዬ ወረቀቱን ደጋግማ አየችው። ኩሬዎቹን ለዓመታት የጠበቁት ጋሼ ግን አልገረማቸውም።

«አንቺ ልጅ፣ አንዴ መረብ የቀመሰ ዓሣ መረብ ሲያይ ታች ይተኛል» አሉኝ። «ምልክት ያለውን የምታጡት ለዚህ ነው።»

ልክ ናቸው። ምልክት ያላቸው ጥቂት ሲያዙ ስሌቱ ያልተነካ ብዙ ዓሣ ያለ ያስመስለዋል። ኩሬ ላይ ይህ ምንም አይደል። ሐይቅ ላይ ግን ከእውነቱ የበለጠ መገመት ነው የሚያስፈራኝ፤ ዓሣው ሞልቷል ከተባለ ተጨማሪ መረብ የሚከለክል አይኖርም። አሳንሰን ብንገምት አጥማጁ ይቆጣል፣ ዓሣው ግን ይተርፋል። አለቃዬ በዚህ አትስማማም። አጥማጁም ልጆች አሉት ትለኛለች።

ከፋሲካ በኋላ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ወዳለችው ባቱ እንወርዳለን፤ ጾሙ ሲፈታ ሐይቁ ላይ ምን ያህል መረብ እንደሚቀንስ ማየት አለብን። የእሷ አዲስ ሐሳብ ምልክት የምናደርግባቸውን በመረብ ይዘን ሁለተኛውን ዙር በመንጠቆ ማውጣት ነው። መረብ የፈራ መንጠቆን ገና አያውቅማ። ለጋሼ ስንነግራቸው ትንሽ አሰቡና «ሐሳቡስ ጥሩ ነው» አሉ። «መንጠቆው ላይ ምን ልትሰኩበት ነው? ትል ወይስ ሊጥ?»

እሱ ላይ ገና አልተስማማንም።