ራሳቸውን ስተው የመጡት እናት

ሰው ራሱን ስቶ ሲመጣ ቤተሰብ ቶሎ የሚለው «ስትሮክ ነው» ነው። አንዳንዴ ልክ ናቸው። እኛ ግን ትንፋሹን እያየን ወዲያው ጣቱን ወግተን ስኳር እንለካለን።

ዛሬ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በምሠራበት ድንገተኛ ክፍል አንዲት እናት በባጃጅ መጡ። ላብ አጥምቋቸዋል፤ ቢጠሯቸው አይሰሙም። ልጃቸው ክብሪት እያሸተተቻቸው ነበር። ስኳራቸው 31! በጣም ወርዷል። ጾም ላይ ናቸው፤ ጠዋት ኢንሱሊን ተወግተው እህል አልቀመሱም። 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥር ሰጠናቸው። ብዙም ሳይቆዩ ዓይናቸውን ገለጡና «ነጠላዬስ?» አሉ። ልጅቷ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም እንባዬ መጣ።

ሁሉም እንዲህ ቶሎ አይነቃም። የጭንቅላት ጉዳት አለ፣ ማጅራት ገትር አለ፣ የኩላሊት ድካም፣ አልቆም ያለ የሚጥል በሽታ። ከቆላ ለመጣ ሰው ወባም አይረሳም። በዚህ ብርድ ግን በጣም የሚያሳስበኝ ከሰል ነው። በእኛ ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ውስጥ በር ዘግቶ፣ ከሰል አቀጣጥሎ የሚተኛ ብዙ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፤ እንቅልፍ ላይ እያሉ ይጥላል። እባካችሁ ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃውን ወደ ውጭ አውጡት!

ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ የስኳር ውሃም ቢሆን በአፉ አትስጡት፤ ሳንባው ውስጥ ይገባል። በጎኑ አስተኙት። ስትመጡ የሚወስደውን መድኃኒት ከነካርቶኑ ያዙ። የተባይ መርዝ ዕቃ አጠገቡ ካገኛችሁም አምጡት፤ ምን እንደወሰደ ካወቅን ሕክምናው ይፈጥናል።