«የራስ ምታት ኪኒን ስጪኝ» ከማለትዎ በፊት

የሰፈር መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ሰው የሚጠራው ብዙውን ጊዜ የመድኃኒት ስም ነው፤ «ዳይክሎፌናክ አለ?»፣ «አሞክሳሲሊን ስጪኝ»። ስሙን ትተው ሕመሙን ይንገሩ። መድኃኒቱ ለማን ነው? ዕድሜው ስንት ነው? ሕፃን ከሆነ ስንት ኪሎ ይመዝናል? ስንት ቀን ሆነው? እስካሁን ምን ወሰደ? ሴት ከሆነች እርጉዝ ናት ወይስ ታጠባለች? ግፊት፣ ስኳር፣ ጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለ ሳይጠየቁ ይናገሩ። የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክ ጨጓራን ሊያደማ፣ ግፊትንም ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ያለብዎትን ሕመም ካላወቀች ባለሙያዋ ሌላ ልትመርጥልዎ አትችልም። በቤት የሚወሰድ መድኃኒት ካለ ማሸጊያውን ይዘው ይሂዱ፤ «ነጯ፣ ክቧ ኪኒን» ማለት ለማንም አይገባም።

ለጉንፋን እንደ አሞክሳሲሊን ያለ አንቲባዮቲክ (ባክቴሪያን የሚያጠፋ መድኃኒት) አይሠራም፤ ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው። ያለ ማዘዣ አልሸጥም ያለዎትን ባለሙያ አይቀየሙት፤ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው።

በጾም ወቅት ደግሞ ስለ መውሰጃው ሰዓት ማማከር ግድ ነው። «በቀን ሦስት ጊዜ» ማለት በ8 ሰዓት ልዩነት ነው፤ ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ሰዓት። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ይህ አይሆንለትም፤ እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉትን ደግሞ በባዶ ሆድ መውሰድ ጨጓራን ይጎዳል። «እየጾምኩ ነው» ካሉ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ የሚወሰድ ይገኝ እንደሆነ ይታያል። ከሁሉም የሚያሰጋው ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ ጠዋት ውጦ ሳይበላ ከዋለ ስኳሩ ወርዶ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ሊስትም ይችላል። ይህ ሰው ጾም ሳይገባ ሐኪሙን ማነጋገር አለበት። የጨጓራ አሲድን የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ግን ከዳይክሎፌናክ በተቃራኒ በባዶ ሆድ፣ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ነው የሚወሰደው። የደም ማነስ ያለባቸው እናቶችም የብረት ኪኒንን ከቡናና ከሻይ ያርቁት፤ ወደ ደም የሚገባውን ብረት ይቀንሱታል።

ልጅ ሲያስቀምጠው ለምለም (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት፣ ORS) እና የዚንክ ኪኒን አብረው ይግዙ። አንዱ ከረጢት ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው፤ የ1 ሊትር ሃይላንድ ጥሩ መለኪያ ነው። ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ዱቄቱን በግምት ቆንጥረው በብርጭቆ ይበጠብጡታል። ሲወፍር ጨውና ስኳሩ ይበዛና ተቅማጡን ያባብሳል፤ ሲቀጥን ደግሞ የጎደለውን ጨው አይተካም። ስኳር አይጨምሩበት፣ ከበጠበጡ በኋላ አያፍሉት፣ 24 ሰዓት ካለፈው ይድፉት። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለው ከ100 እስከ 200 ይስጡት። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቀው በማንኪያ ቀስ እያሉ ይቀጥሉ፤ ጡትም አይቋረጥ። ዚንኩ ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን ይሞላል።

የፓራሲታሞል ሽሮፕ ሲገዙ ጠርሙሱን ያንብቡ። በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ያለው አለ፣ 250 ያለውም አለ። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከመጀመሪያው 5 ሚሊ ሊትር፣ ከሁለተኛው ግን 2.5 ብቻ ይበቃዋል፤ በ6 ሰዓት ልዩነት፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። የቤት ማንኪያ እንደየቤቱ ይለያያል፤ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይጠይቁ፣ ባለሙያዋም መጠኑን ምልክት ታድርግበት።

ዕድሜው ከ2 ወር በታች ሆኖ ያተኮሰው፣ ሰገራው ደም ያለበት፣ ዓይኑ የጎደጎደ፣ መጠጣት ያቃተው ወይም ያንቀጠቀጠው ልጅ ግን መድኃኒት ቤት አይቁም፤ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።