ሥጋው ብቻውን ሲሄድ

ደንበኛው የጠየቀን ቀላል ነገር ነበር፤ የሐረርን ጅብ መጋቢ የሚያሳይ የ40 ሰከንድ አኒሜሽን። ሰውየው ከዘንቢል ሥጋ ያወጣል፣ እንጨት ላይ ያደርጋል፣ ጅቡ መጥቶ ይነጥቀዋል። በቃ። እኔ ሪግ፣ ማለትም ገጸ ባሕርይው የሚንቀሳቀስበትን የውስጥ አጽም እሠራለሁ፣ ባልደረባዬ ታንቀሳቅሳለች። ቢሯችን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ቬንትሌተሩ ሙቅ አየር ከጥግ ወደ ጥግ ከማመላለስ ሌላ ሥራ የለውም።

የሰውየውን አጥንቶች በሁለት ቀን ጨረስኩ። ጣቶቹ ሳይቀሩ አሪፍ ሆኑ። ሥጋው ላይ ስደርስ ግን ቸኮልኩ። በምንሠራበት የ3ዲ ሶፍትዌር፣ ብሌንደር ላይ፣ አንድ ቦን (አጥንት) ሰጠሁትና የቀኝ እጁ ልጅ አደረግኩት። እጁ ሲሄድ ሥጋው ይሄዳል፣ ሲዞር ይዞራል። ደስ ይላል።

ባልደረባዬ ዝግጅቱ ሊቀርብ አንድ ቀን ሲቀረው ጠራችኝ። «ይሄ ሥጋ ከእጁ አይላቀቅም እኮ። ጅቡ ምን ሊበላ ነው?»

ልክ ነበረች። ፓረንት፣ ማለትም ልጁ የሚከተለው አባት፣ በሲን መሃል አይቀየርም። ልጁን ከአባቱ አላቀቅኩና «ቻይልድ ኦፍ» የሚባሉ ሦስት ኮንስትሬይንቶች (አንዱ ሌላውን እንዲከተል የሚያዙ ማሰሪያዎች) ደረደርኩበት፤ አንዱ ለእጁ፣ አንዱ ለእንጨቱ፣ አንዱ ለጅቡ መንጋጋ። የእያንዳንዱን ኢንፍሉዌንስ (የመሳብ ኃይል) ከ1 ወደ 0፣ ከ0 ወደ 1 ኪ እያደረግኩ፣ ማለትም በየቅጽበቱ ዋጋውን እየመዘገብኩ፣ ሌሊቱን አጋመስኩት። መጨረሻ ላይ ጨርሶ ሳላየው ሬንደር ላይ (ኮምፒውተሩ ቪዲዮውን እንዲያወጣው) ጥዬው ተኛሁ።

በማግስቱ ደንበኛው ፊት ሥጋው ከእንጨቱ ተነሣ። ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ አየር ላይ ተንሳፍፎ ጅቡ አፍ ውስጥ ገባ።

«አቦ፣ ይሄ ሥጋ ነው ወይስ ርግብ?» አለ ደንበኛው።

ሌላ ጊዜ በቀን ሁለቴ የሚጠፋው መብራት ያን ቀን ንቅንቅ አላለም።

ጥፋቱን ለማግኘት አምስት ደቂቃ አልፈጀም። 0 እና 1 ያልኳቸውን ኪዎች 12 ፍሬም (የቪዲዮው ነጠላ ምስል) አራርቄያቸው ነበር። በሰከንድ 24 ፍሬም በሚሄድ ሥራ ያ ግማሽ ሰከንድ ነው። መሃሉን ብሌንደር በለስላሳ ኩርባ ይሞላዋል፤ ሥጋው ግማሹን የእንጨቱ፣ ግማሹን የጅቡ ሆኖ መንገድ ላይ ይቀራል። ኪዎቹን አጠጋግቼ ኮንስታንት አደረግኳቸው፤ መሃሉ ሳይሞላ ከአንዱ ወደ ሌላው በአንዴ እንዲዘል። ሥጋው መንሳፈፉን ተወ። አሁን ግን ከእንጨቱ ጠፍቶ አፉ ውስጥ ብቅ ይላል፣ እንደ አስማት።

«ለመሆኑ ሲበላ አይተኸው ታውቃለህ?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ድሬ ተወልጄ አድጌ ማየቱን ለቱሪስት ትቼው ነበር።

ማምሻውን በሚኒባስ ደንገጎን ወጥተን፣ በሐረማያና በአወዳይ አልፈን ሐረር ገባን። ጃኬት ያልያዘ ድሬ ሰው እዚያ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ በባጃጅ መብራት፣ ሰውየው ቁጢጥ ብሎ ጅቦቹን ይጠራል። ሥጋው እንደ እኔ ሥራ አልተሰካም፤ ስንዝር በምታህል እንጨት ላይ ተንጠልጥሏል። ጅቡ አንገቱን አጣሞ በጎን ነከሰ። ሰውየው ግን ወዲያው አልለቀቀም። ለአንዲት ቅጽበት ሁለቱም ይዘውታል፤ እንጨቱ ወደ ጅቡ ዘመመ፣ ከዚያ ቀና አለ። ለእኔ የጎደለኝ ያቺ ቅጽበት ነበረች። ቀጥሎ ሰውየው እንጨቱን በጥርሱ ነከሰና ፊቱን ለጅቡ ሰጠ። ሁሉም ስልኩን አወጣ። እኔ የማስበው እንጨቱም የራሱ ቦን እንደሚያስፈልገው ነበር።

ተመልሼ ሪጉን ከሥር ጀመርኩ። ሥጋና እንጨት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቦን አገኙ፤ አባታቸው ሩቱ (የሪጉ ሥር ቦን) ብቻ። መዳፉ ላይ፣ በሰውየው ጥርስ፣ በእንጨቱ ጫፍና በጅቡ መንጋጋ ትንንሽ መያዣ ቦኖች ተከልኩ። ሥጋው ባለቤት የሚቀይረው በአንድ ፍሬም ነው። ዝላዩ እንዳይታይም በዚያው ፍሬም ሥጋው የሚታይበትን ቦታና አቅጣጫ ኪ ማድረግ ግድ ነው። ይህን የረሳሁ ቀን ሥጋው ጅቡ ጆሮ ላይ ተንጠልጥሎ አግኝቼዋለሁ።

እንጨቱ የሚዘምባትን ቅጽበት ግን በኮንስትሬይንት አልሞከርኳትም። እጁ እንጨቱን፣ እንጨቱ ደግሞ እጁን ተከተል ከተባለ ክብ ይሆናል፤ ብሌንደር ማን ማንን እንደሚመራ ይጠፋዋል። ባልደረባዬ በእጇ ሦስት ኪ ጨመረች፣ አለቀ።

ደንበኛው ሁለተኛውን ሲያይ አልሳቀም። አገጩን እያሻሸ ቆየና «ሌላ ጅብ መጥቶ ከዚኛው አፍ ቢነጥቀውስ?» አለ።

ባልደረባዬ ወደ እኔ ዞረች። ሁለተኛው ጅብ መንጋጋ ላይ አንድ መያዣ ቦን ተከልኩላት። ከበርጫ ሰዓት በፊት ጨርሳ ላከችለት።