ከፈሳሹ ሳይሆን ከግድግዳው

ከዓይን ክፍል ወደ ላብራቶሪያችን ሁለት ነገር መጣ፤ ከአንዲት ወጣት ኮርኒያ (ጥርት ካለው የዓይን የፊት ሽፋን) የተፋቀ ናሙናና የኮንታክት ሌንስ ማስቀመጫዋ። ሌንሷን እንዳደረገች ተኝታ ስትነሣ ዓይኗ ቀልቶ ብርሃን ማየት አቅቷታል፤ ኮርኒያዋ ላይ ነጭ ቁስል ወጥቷል። ሐኪሟ ናሙናውን እንደወሰደ ውጤት ሳይጠብቅ ጠንካራ ጠብታ አስጀምሯታል። ደግ አደረገ፤ እንዲህ ያለው ቁስል በጥቂት ቀናት ውስጥ ኮርኒያን እስከ መብሳት ሊደርስ ይችላል።

የኮርኒያው ናሙና አላስቸገረንም። በማግስቱ አረንጓዴ ቀለሙን እየለቀቀ ፕሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ አደገ፤ ሌንስ በሚያደርጉ ሰዎች ላይ ከሚደርስ የኮርኒያ ኢንፌክሽን ጋር ስሙ አዘውትሮ የሚነሣ ባክቴሪያ ነው። ያወዛገበን ማስቀመጫው ነበር። ባልደረባዬ ከውስጡ ፈሳሽ ቀድቶ ካልቸር ቢያደርግ፣ ማለት ባክቴሪያ ካለበት እንዲያድግ ምግብ ባለበት ሳህን ላይ ቢያኖረው፣ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አላደገም።

«እህቴ፣ ምንጩ ሌላ ነው መሰለኝ፤ ፈሳሹ ንጹሕ ነው» አለኝ።

ማስቀመጫውን እንዳይጥለው ለመንኩት። በእርጥብ ስዋብ (ጫፉ ጥጥ በሆነ የናሙና መውሰጃ) የውስጥ ግድግዳውን፣ በተለይ የታችኛውን ጥግና የክዳኑን ጠርዝ፣ ጠበቅ አድርጌ ፈተግኩ። በነጋታው የካልቸሩን ሳህን ከዳር እስከ ዳር በባክቴሪያ ተሸፍኖ አገኘነው። ያው ፕሱዶሞናስ ነው፤ ለመድኃኒት የሰጠው ምላሽም ከኮርኒያው ጋር አንድ ሆነ።

«ይህ ሁሉ እዚያው እያለ ፈሳሹ እንዴት ንጹሕ ይሆናል?» አለ።

ጥያቄው ትልቅ ጥያቄ ነው። ክሎድ ዞቤል የተባለው የባሕር ማይክሮባዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው ጥናት፣ በጠርሙስ ከተቀመጠ የባሕር ውኃ ይልቅ የጠርሙሱ ግድግዳ ብዙ ባክቴሪያ እንደሚይዝ አሳይቷል። ባክቴሪያ ጠጣር ነገር ሲያገኝ መጀመሪያ የሚይዘው ደካማ መሳሳብ ነው፤ በዚህ ጊዜ በቀላሉ ይላቀቃል። ቀጥሎ ፀጉር በመሰሉ ቀጫጭን ክሮቹ ይጨብጣል፤ ከዚያም ስኳር፣ ፕሮቲንና ዲኤንኤ የተቀላቀለበት ሙጫ ያመነጫል። ይህን ንብርብር ባዮፊልም እንለዋለን፤ የወንዝ ድንጋይን የሚያሟልጨው ነገርም፣ ጥርስ ላይ የሚጋገረውም እርሱ ነው። በውስጡ የተሸሸጉት ባክቴሪያዎች እድገታቸው ይዘገያል፣ ማጽጃውም ደክሞ ነው የሚደርሳቸው። ብቻውን የሚንሳፈፈውን ግን ፈሳሹ ያገኘዋል። ለዚህ ነው የባልደረባዬ ሳህን ባዶ የመሰለው።

ሌንሱም ቢሆን ዓይን ውስጥ ከገባ በኋላ ከፋብሪካ እንደወጣው አይሆንም። እንባ ውስጥ ያሉት ላይሶዛይምና ሌሎች ፕሮቲኖች ወዲያው ይለብሱታል፤ አንዳንድ ባክቴሪያ ከፕላስቲኩ ይልቅ ይህን ልባስ ይወዳል። ዓይን በተከደነበት ሌሊት ደግሞ ከሌንሱ ሥር ያለውን እንባ የሚያድስ ርግብግቢት የለም።

ወጣቷ ለክትትል ስትመጣ ሐኪሙ አገናኘን። «እኔኮ ሰንፌ አላውቅም፤ ማታ ማታ አዲስ ፈሳሽ እጨምርበታለሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ትጨምር ነበር፤ የቀድሞውን ግን አትደፋም፣ ማስቀመጫውንም አትፈትግም። አሮጌው የአዲሱን ኃይል ያዳክመዋል፤ የተጣበቀውን ደግሞ መዘፍዘፍ ብቻውን አያላቅቀውም። ሳይታሽ ያጸዳል ተብሎ የተጻፈበት ፈሳሽ እንኳ ቢሆን ሌንሱን በንጹሕ ጣት እሺው አልኳት። ማስቀመጫውን ድፊው፣ በራሱ ፈሳሽ እጠቢው፣ ፈትጊው፣ ክዳኑን ከፍተሽ ደፍተሽ አድርቂው፤ ቢበዛ በሦስት ወር ለውጪው። የቧንቧ ውኃ ፈጽሞ እንዳይነካው፤ አካንታሚባ የሚባለው፣ ሕክምናው ወራት የሚፈጀው ጥገኛ ከውኃ ይመጣል፣ ባዮፊልሙ ላይ ያለውን ባክቴሪያ እየበላም ይራባል።

ቁስሏ ድኗል። ጠባሳው ቀርቷል፤ ደግነቱ ከመሐል ራቅ ብሎ ስለወጣ እይታዋን ብዙ አልጎዳውም። እኛም ጋ አሠራሩ ተለወጠ፤ የሌንስ ማስቀመጫ ሲመጣ ፈሳሹና ግድግዳው ለየብቻ ካልቸር ይደረጋሉ፣ ውጤታቸውም ለየብቻ ይጻፋል።